የበሩ ቃልና የውስጡ ማዕድ

ጴጥሮስ በአንጾኪያ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ መቀመጫውን ለወጠ እንጂ። ከአሕዛብ ወገን ካመኑት ጋራ አንድ ገበታ ቀርቦ ይበላ የነበረው ሐዋርያ፥ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች በመጡ ጊዜ ፈርቶ ከእነርሱ ተለየ፤ በርናባስም ሳይቀር ተከተለው። በዚያን ቀን በአንጾኪያ ከሚሰበከው ወንጌል አንድ ፊደል አልጐደለም፤ ከማዕዱ ግን ሰው ጐደለ። ጳውሎስም ነገሩን በስውር ሊያስታርቅ አልሞከረም፤ በሁሉ ፊት ገሠጸው። የወንጌል እውነት በአንደበት ብቻ ሳይሆን በገበታም እንደሚካድ አይቷልና።

ይህ ታሪክ በአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ይነበባል፥ ይተረጐማልም። ይሁን እንጂ የክርስቲያን ትምህርት ቤት ከሚያቋቁሙት ሰዎች ብዙዎቹ በራሳቸው ላይ የተጻፈ አይመስላቸውም። «ዘር ሳንለይ፥ ሀብታምና ድኻ ሳንል ሁሉን እንቀበላለን» የሚለውን ቃል በበሩ ላይ ካጻፉና በምረቃው በዓል ላይ ካስነበቡ፥ ሥራው የተፈጸመ ይመስላቸዋል። በክርስቶስ ስም ከሚጠሩት ትምህርት ቤቶች መካከል ይህን ቃል የማይናገር ጥቂት ነው፤ ቃሉን ለመናገር የሚወጣ ወጪ የለምና። ወጪው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይኸውም ተማሪዎቹ ምሳ ለመብላት በተቀመጡ ጊዜ፥ የሂሳቡ መዝገብ በተገለጠ ጊዜ፥ አንድ ታላቅ ሀብታም ገንዘብ ሊሰጥ መጥቶ የማን ልጆች እንደሚማሩ በጠየቀ ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት እንግዳ ተቀባይነት የሚመዘነው በእነዚህ ሰዓቶች እንጂ በበሩ ጽሕፈት አይደለም።

ለዚህ ነገር በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት የሚገኘው የቤርያ ኮሌጅ ታላቅ ምስክር ነው፤ የክብሩም የውድቀቱም ታሪክ በአንድ ስፍራ ይገኛልና። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የትምህርት ቤቱ መሥራች ጆን ግሬግ ፊ በ1816 በኬንታኪ ተወለደ። አባቱ ባሪያ አሳዳሪ ነበረ። ልጁ ግን ለስብከተ ወንጌል ሲዘጋጅ፥ በሲንሲናቲ ከተማ በነበረው በሌን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ሳለ፥ ሰውን እንደ ከብት መግዛት ኀጢአት መሆኑን አምኖ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ስለዚህም አባቱ ከውርሱ ነቀለው። በ1854 ካስየስ ክሌይ የሚባል ባርነትን የሚቃወም ባለርስት መሬት ሰጥቶት ሰፈረ። ስፍራውንም ቤርያ ብሎ ጠራው፤ በሐዋርያት ሥራ ልባቸው ቅን ነው ተብለው የተመሰገኑት የቤርያ ሰዎች ናቸውና። በ1855 አንድ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ተከፈተ። መሪ ቃል እንዲሆነውም ከዚያው መጽሐፍ ከምዕራፍ 17 እግዚአብሔር ሕዝብን ሁሉ ከአንድ ደም እንደ ፈጠረ የሚናገረው ትምህርት ተመረጠለት።

ይህ ቃል ሰው በገበያ በሚሸጥበት ግዛት የተነገረ ስለ ሆነ ወዲያው ዋጋውን አስከፈለ። በ1859 ጆን ብራውን ባሮችን ነጻ አወጣለሁ ብሎ በሃርፐርስ ፌሪ ከተነሣ በኋላ የባሪያ ባለቤቶች ፍርሃት ጨመረ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወደ ቤርያ መጥተው፥ መምህራኑና ቤተ ሰቦቻቸው በዐሥር ቀን ውስጥ ግዛቱን ለቀው እንዲወጡ አዘዟቸው። እነርሱም ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

ነገር ግን ከጠመንጃው ፈተና ይልቅ የማዕዱ ፈተና የጠለቀ ሆኖ ተገኘ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜ ፊ ጥቁሮች ወታደሮች ወደሚሰለፉበት ካምፕ ኔልሰን ወደሚባለው የጦር ሰፈር ሄዶ ማስተማር ጀመረ። በዚያም ጥቁሮችን ለማስተማር የመጡ ነጮች መምህራን ነበሩ፤ ባርነትን የሚጠሉ፥ በጸሎትም የሚተጉ ሰዎች ነበሩ። በ1865 ፊ ቤል ሚቼል የምትባለውን የተማረች ጥቁር ወጣት መምህርት አድርጎ አመጣት፤ ከመምህራኑም ጋራ በአንድ የምግብ አዳራሽ አስቀመጣት። ይህን ጊዜ ከመምህራኑና ከጦር መኰንኖቹ ብዙዎቹ ከእርስዋ ጋራ አንበላም ብለው ተቃወሙ። ጥቁሩን ፊደል ለማስቈጠር ረጅም መንገድ የመጡት ሰዎች፥ ጥቁሯ ከአጠገባቸው እንጀራ ስትቈርስ መታገሥ አቃታቸው። ፊ ግን ልጅቱ ክርስቲያን ናት፥ ለእርስዋ የሚደረገው ለክርስቶስ እንደ ተደረገ ይቈጠራል ብሎ አላስወጣትም አለ። ዳሩ ግን ጥቂት ቈይቶ ለሥራ ወደ ሌላ ስፍራ በሄደ ጊዜ፥ እርሱ በሌለበት አሰናበቷት።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፥ ለሰው መራራትና ከሰው ጋራ መቀመጥ አንድ አለመሆናቸው ነው። የሚራራ ሰው ከላይ ሆኖ ይሰጣል፥ ሰጥቶም ይከብራል፤ አብሮ የሚቀመጥ ግን ከፍታውን ይለቃል። በካምፕ ኔልሰን የነበሩት መምህራን የመጀመሪያውን አብዝተው ነበራቸው፤ ሁለተኛው በተጠየቁ ጊዜ ግን ተነሥተው ሄዱ። ሁለተኛው፥ በአንድ ሰው ጽናት ላይ ብቻ የቆመ እንግዳ ተቀባይነት ያ ሰው ለመንገድ በቅሎውን እስኪጭን ድረስ ብቻ እንደሚኖር ነው። ፊ ሕጉን በልቡ ጽፎት ነበር፤ በሰፈሩ ሥርዐት ግን አልተጻፈም ነበርና፥ ከእርሱ ጋራ ወጥቶ ሄደ። ቤል ሚቼል ግን ዕድሜዋን በማስተማር አሳልፋ፥ በ1892 በሌክሲንግተን ከተማ ለጥቁሮች የሙት ልጆች መጠጊያና የሙያ መማሪያ ቤት ካቋቋሙት ሴቶች አንዷ ሆነች። የማዕዱ ጌቶች ያልተቀበሏት ሴት ማዕድ ዘርግታ ሌሎችን ተቀበለች።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ በ1866 የቤርያ ትምህርት ቤት እንደ ገና ተከፈተ፤ ጥቁሮች ልጆችም ገቡ። የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች በገቡ ጊዜ ከነጮቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ መጽሐፋቸውን ሰብስበው ወጡ። እንግዲህ ብልኆች ነን የሚሉ ሰዎች በየዘመኑ የሚያቀርቡት ክርክር በዚህ ስፍራ ይነሣል። እነርሱም እንዲህ ይላሉ፤ «እኛም ሁሉ እኩል መሆኑን እናምናለን፤ ነገር ግን ሕዝቡ ገና አልለመደም። አንድ ላይ ብናስቀምጣቸው ወላጆች ልጆቻቸውን ያወጣሉ፤ ክፍሉም ባዶ ይቀራል፤ ባዶ ክፍል ደግሞ ማንንም አያስተምርም። ስለዚህ ቀስ በቀስ ይሁን።»

ለዚህ ክርክር ቤርያ በቍጥር መልሷል። ነጮቹ የወጡበት ክፍል ባዶ አልቀረም። በ1866 እና በ1867 መካከል በነበረው የትምህርት ዓመት የተመዘገቡት ተማሪዎች 187 ነበሩ፤ ከእነርሱም 96 ጥቁሮች፥ 91 ነጮች ነበሩ። ይህም የሆነው ጦርነቱ ካለፈ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፥ ትናንት ጌታና ባሪያ ይባሉ በነበሩት ሰዎች ልጆች መካከል ነው። ከጥቂት ዓመታትም በኋላ ጁልያ ብሪተን የምትባል ጥቁር ሴት በዚያው ቤት ሙዚቃ አስተማረች። ሕዝቡ እስኪለምድ መቈየት ያሻል የሚሉት ሰዎች ሕዝብ በምን እንደሚለምድ አይናገሩም። ሰው የሚለምደው ዐይኑ ያየውን ነው። አብሮ የሚቀመጥበት ስፍራ አስቀድሞ ካልተዘጋጀለት፥ መቶ ዓመት ቢቈይም የሚለምደው መለያየቱን ነው። «ቀስ በቀስ» የሚለው ቃልም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በተቀመጡት እንጂ በበር በቆሙት አይደለም፤ በውጭ ብርድ የሚመታው ሰው ቀስ በቀስ ግቡ ሲባል ሰምቶ አመሰገነ የሚል ታሪክ የለም።

ቤርያ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ እንዲህ ሆኖ ኖረ። ውድቀቱም የመጣው ከጠላት አይደለም፤ ከመልካም ዐሳብ ነው። በ1892 ዊልያም ጉዴል ፍሮስት የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ሆነ። ፍሮስት ክፉ ሰው አልነበረም። በአፓላችያ ተራሮች መካከል የሚኖሩትን፥ ትምህርት የራቃቸውን ድኾች ነጮች አይቶ አዘነላቸው፤ እነርሱንም ለመርዳት ከሰሜን ሀብታሞች ብዙ ገንዘብ ሰበሰበ። ትምህርት ቤቱ ሰፋ፥ ሕንጻው በዛ፥ የተማሪውም ቍጥር ጨመረ። ይሁን እንጂ ዐሳቡና ገንዘቡ ወደ ተራራው ሰዎች በዘነበለ መጠን የጥቁሮቹ ተማሪዎች ድርሻ እየቀነሰ ሄደ፤ አስቀድሞ ከግማሽ ያላነሰ የነበረው በ1904 ከአምስት አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆነ። ሽማግሌው ፊ ይህን መዘንበል አይቶ በግልጥ ነቀፈ፤ በ1901ም ዐረፈ። በዚህ ሁሉ ጊዜ መሪ ቃሉ ከስፍራው አልተነሣም። አንድ ደም የሚለው ቃል እንደ ተጻፈ ነበረ፤ ከማዕዱ ግን፥ እንደ አንጾኪያው ሁሉ፥ ሰው ይጐድል ነበር።

አንዳንድ ሰው ድኻውን ነጭ መርዳት ምን ነውር አለው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ነውር የለበትም። ነውሩ አንዱ ድኻ ለሌላው ድኻ ስፍራ እንዲለቅ ማድረጉ ነው። የተራራው ልጅና የባሪያው ልጅ ሁለቱም የተጠሙ ነበሩ፤ ጕድጓዱን ማስፋት ሲቻል የአንዱን ማድጋ ወደ ኋላ መግፋት ወንጌላዊ ምጽዋት አይባልም። ደግሞም መግፋቱ በዐዋጅ ስላልተደረገ ማንም በደል ሠራሁ አላለም። አንድ ጥቁር ተማሪ እንኳ ውጣ አልተባለም፤ የሚጋበዙት ብቻ ሌሎች ሆኑ። እንዲህ ያለው መዘጋት ድምፅ የለውምና ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው እርሱ ነው።

በ1904 የኬንታኪ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ካርል ዴይ የተባለ እንደራሴ ያቀረበውን ሕግ አጸደቀ። ሕጉ ነጮችና ጥቁሮች አንድ ላይ የሚማሩበትን ማናቸውንም ትምህርት ቤት ይከለክል ነበር፤ የትምህርት ቤቱን ባለቤት 1,000 ዶላር፥ ከዚያም በኋላ ለሚተላለፍበት ለያንዳንዱ ቀን 100 ዶላር ያስቀጣል። ለመምህሩም ለተማሪውም ቅጣት ተወስኖ ነበር። በዚያን ጊዜ በግዛቱ ነጮችንና ጥቁሮችን አንድ ላይ የሚያስተምር ኮሌጅ ቤርያ ብቻ ስለ ነበረ፥ ሕጉ በማን ላይ እንደ ታሰበ ለማወቅ ተርጓሚ አላስፈለገም። ኮሌጁም ተከሰሰ፥ ተቀጣም፤ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስም ተከራከረ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 9 ቀን 1908 ፈረደ። የብዙዎቹን ዳኞች ፍርድ የጻፈው ዴቪድ ብሩወር ነበረ፤ ይህም ሰው በሰምርኔስ ከወንጌል መልእክተኞች የተወለደ ነበር። የፍርዱም ቃል በአጭሩ ሲነገር፥ ኮሌጁ ሕጋዊ ሰውነቱን ያገኘው ከግዛቱ ስለ ሆነ፥ የሰጠው ግዛት ሥርዐቱን ሊለውጥበት ይችላል የሚል ነው። ጆን ማርሻል ሃርላን ግን ይህን ፍርድ ተቃወመ። ሃርላን ራሱ የኬንታኪ ሰው፥ ባሪያ ካሳደረ ቤተ ሰብ የተወለደ ነበረ። መንግሥት የነጩንና የጥቁሩን ልጅ አብሮ መማር ወንጀል ሊያደርገው ከቻለ፥ ነገ በሰንበት ትምህርት ቤት አብረው የእግዚአብሔርን ቃል እንዳይሰሙ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያንም ከአንድ የቍርባን ማዕድ እንዳይቀርቡ ለመከልከል ምን ያግደዋል ብሎ ጠየቀ። የወንጌል መልእክተኞች ልጅ ያላየውን የባሪያ አሳዳሪዎች ልጅ አየው። ከትምህርት ቤቱ ወንበር ወደ ቅዱስ ቍርባኑ የሚወስደው መንገድ ምን ያህል አጭር እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

በዚህ ስፍራ የኮሌጁ ወዳጆች «የዘጋው ሕጉ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ምን ያድርግ?» ይላሉ። ነገሩ ከግማሹ እውነት ነው፤ ትምህርት ቤቱም ያደረገው መልካም ነገር ሊካድ አይገባም። ተሰድደው የወጡትን ጥቁሮች ተማሪዎች በቴነሲ እንዳለው እንደ ፊስክ ወዳሉ ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሲልካቸው በገንዘብ ረዳቸው። ደግሞም ገንዘብ አሰባስቦ በሉዊቪል ከተማ አጠገብ በሲምፕሶንቪል ሊንከን ኢንስቲትዩት የሚባል የጥቁሮች ትምህርት ቤት አቆመ፤ እርሱም በ1912 ተከፈተ። ነገር ግን አንዱ ወገን ይውጣ በተባለ ጊዜ የሚወጣው ማን እንደ ሆነ የመዝገቡ ቍጥር አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ሕጉ ድንገት የመጣ ሌባ ቢሆንም፥ ቤቱ ግን ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠብ ነበር። ግማሹ ቤተ ሰብ ሲወጣ ቤት ይፈርሳል፤ ከአምስት አንድ የማይሞላው ሲወጣ ግን ቤቱ ያዝናል፥ ያለቅሳል፥ ማግሥቱንም ደወሉን ደውሎ ትምህርቱን ይቀጥላል። ቤርያም ቀጠለ።

ከተዘጋው በር በስተ ውጭ ማን እንደ ቀረ ለማወቅ፥ በሩ ሳይዘጋ ሾልኮ የወጣውን አንድ ሰው መመልከት ይበቃል። ካርተር ዉድሰን ባሮች ከነበሩ ወላጆች ተወለደ፤ ከቤርያም በ1903 ተመረቀ፤ ይኸውም ሕጉ ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እርሱም የጥቁሮችን ታሪክ መመርመር የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ፥ በ1926 የጥቁሮች ታሪክ የሚታሰብበትን ሳምንት አስጀመረ። ከእርሱ በኋላ በዚያ በር ሊገቡ የሚችሉ የነበሩትንና ያልገቡትን የሚቈጥር መዝገብ የለም። ሕጉ ለኮሌጆች የላላው በ1950 ነው፤ ያን ጊዜም ቤርያ ለጥቁሮች ተማሪዎች በሩን እንደ ገና ከፈተ። በ1904 የስድስት ዓመት ልጅ የነበረ ጥቁር በሩ ሲከፈት የ52 ዓመት ሰው ሆኖ ነበር። «ቀስ በቀስ» የሚሉት ሰዎች ይህን ዘመን በጣታቸው ይቍጠሩት።

ስለ ዘር ይህን ያህል ከተባለ፥ ስለ ገንዘብም መናገር ይገባል። ሐዋርያው ያዕቆብ የወርቅ ቀለበት ያጠለቀውን በክብር ስፍራ አስቀምጦ ድኻውን በእግር መረገጫ አጠገብ የሚያስቀምጠውን ጉባኤ የነቀፈው፥ የዘር ነገር ሳያነሣ ነው። በሩን ለሁሉ ከፍቶ ክፍያውን ሀብታም ብቻ በሚደርስበት ስፍራ የሚሰቅል ትምህርት ቤት፥ በሩን በሌላ ቍልፍ ቈልፎታል። በዚህ ነገር ቤርያ ሊመሰገን ይገባዋል። ከ1892 ጀምሮ እስከ ዛሬ ለትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ ተማሪዎቹንም የሚመርጠው አቅማቸው ካነሰ ቤተ ሰቦች ነው። ዛሬ 1,500 ያህል ተማሪዎች አሉት፤ ከተራራው አገርም ከሩቅ አገሮችም ይመጣሉ። እያንዳንዱም ተማሪ ከትምህርቱ ጋራ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት መሥራት ግዴታው ነው፤ አንዱ በወጥ ቤት፥ አንዱ በእርሻ፥ አንዱ በሽመና፥ አንዱም መጥረጊያ በመሥራት ያገለግላል። ሁሉ የሚሠራ ስለ ሆነ፥ ሥራ የማንም መታወቂያ ስድብ አይሆንም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ካህናት እንግዳ ሊሆን አይገባም። የቆሎ ተማሪ ለምዱን ለብሶ፥ አኰፋዳውን አንግቦ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከደጅ ደጅ ዞሮ በለመነው ቍራሽ ይማር ነበር፤ መምህሩም ቅኔውን ወይም ዜማውን ሲነግረው ዋጋ ስንት ትከፍላለህ አላለውም። ከጐጃም የመጣው ከትግሬ ከመጣው ጋራ በአንድ ጐጆ አድሯል፤ የመንደሩ ሕዝብም አገሩን ሳይጠይቅ አብልቶታል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ነገር ግን በሀብቱ መመካት ብቻ ለሚከተለው ጥያቄ መልስ አይሆንም፤ ሸማኔው፥ ሸክላ ሠሪዋና ቀጥቃጩ በእጃቸው ሥራ ይሰደቡ በነበረበት አገር፥ የእነርሱ ልጅ ከዚያ ጐጆ ስንት ጊዜ ገብቷል? ዳግማዊ ምኒልክ በእጅ ሥራ የሚኖረው ሰው እንዳይሰደብ በዐዋጅ መከልከላቸው የታወቀ ነው፤ ስድብ በሌለበት አገር ንጉሥ ስድብን የሚከለክል ዐዋጅ አያስነግርም። ቤርያ ሽመናን የተማሪ ሁሉ ሥራ ማድረጉ፥ ከአንድ ዐዋጅ ይልቅ የሚበልጥ ትምህርት እንዲሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ሁሉን እቀበላለሁ የሚል የክርስቲያን ትምህርት ቤት፥ በኬንታኪም ይሁን በአዲስ አበባ፥ የበሩን ጽሕፈት ከማስነበቡ በፊት ራሱን ሊመረምር ይገባዋል። በምሳ ሰዓት ከተማሪዎቹ ማን ከማን ጋራ እንደሚቀመጥ፥ ብቻውን የሚበላው ልጅ ማን እንደ ሆነ ይመልከት። እንግዳ የተባለው ወገን ተማሪ ሆኖ ብቻ ነው የገባው፥ ወይስ ደግሞ መምህርና መካሪ ሆኖ ተቀምጧል? አዛዡ ለመንገድ በወጣ ቀን ሥርዐቱ አብሮት ይወጣል፥ ወይስ በቤቱ ይቀራል? ሰጪ ሀብታም የሚወደውን ወገን እንዲያበዙለት በጠየቀ ጊዜ፥ መልሱ ምን ሆኖ ነበር? ከዐሥር ዓመት በፊት በመዝገቡ የነበረው የድኾችና የተናቁት ቍጥር ከዛሬው ጋራ ሲተያይ ጨምሯል፥ ወይስ ማንም ውጣ ሳይላቸው ቀንሷል? እነዚህን ጥያቄዎች ሊሰማ የማይወድ ትምህርት ቤት በሩ ላይ ያለውን ቃል ቢያወርደው ይሻለዋል፤ ያልተፈጸመ ተስፋ በየቀኑ ሲነበብ ሕፃናቱን ሌላ ነገር ያስተምራቸዋልና፤ ይኸውም የክርስቲያን ቃል ለጌጥ እንደሚጻፍ ነው።

ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ የኢሳይያስን መጽሐፍ ሲያነብ፥ ፊልጶስ እየሮጠ ቀረበና የምታነበውን ታስተውላለህን ብሎ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ፥ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከእርሱ ጋራ እንዲቀመጥ ለመነው። ቦታ የሰጠው ተማሪው ነው፤ መምህሩም በመሬት ቆሜ አስተምራለሁ፥ አንተ ከላይ ሆነህ ስማኝ አላለም፤ ና ወደ እኔ ውረድም አላለም። ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ትምህርቱም የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።